ቁጥር ሲሆን የሚሠራልኝ ፎርሙላ ፊደል ብቻ ሲሆን ለምን ይጠፋብኛል?

«ጤና ይስጥልኝ። ትምህርቴን አቋርጬ ቆይቼ አሁን ቀን እየሠራሁ ማታ እየተማርኩ ነው። ፊዚክስ ላይ ቁጥሮቹን ሰጥተውኝ አንዷን ፈልጊ ሲሉኝ እሠራለሁ። ቁጥር ሳይሰጡ ‹ይቺን ፊደል ለብቻዋ አውጪ› ሲሉኝ ግን ይዘጋብኛል። ጓደኛዬ ‹ወደ ማዶ ሲሻገር ምልክቱ ይቀየራል› ብላ አሳይታኝ ነበር፣ አንዳንዴ ይሠራል አንዳንዴ አይሠራም። ባለፈው ፈተና ቪ = ዩ + ኤ×ቲ ላይ «ኤ»ን አውጪ ተብዬ ኤ = ቪ − ዩ − ቲ ብዬ ዜሮ አገኘሁ። ለምን እንደሆነም አልገባኝም። የእያንዳንዱን ፎርሙላ ሦስት አራት መልክ ልሸምድድ? ወይስ ጭንቅላቴ ለሒሳብ አልተፈጠረም? ፊደል ያደናገራት ነኝ።»

እህቴ ሰላም ላንቺ ይሁን። ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር፣ ጭንቅላትሽ ምንም አልሆነም። ይሄን የምልሽ ላጽናናሽ ብዬ አይደለም፣ ማስረጃው እራስሽ የጻፍሽው ደብዳቤ ላይ አለ። ቁጥር ሲሰጡሽ ትሠሪያለሽ አይደል? እንግዲያው ፎርሙላ ማዟዟሩን ድሮም ስትሠሪው ነበር፣ እየሠራሽው እንደሆነ ማንም ስላልነገረሽ ነው እንጂ።

እስቲ እንየው። ዩ የመነሻ ፍጥነት፣ ቪ የመጨረሻ ፍጥነት፣ ኤ አክሰለሬሽን (ፍጥነቱ በየሰከንዱ የሚቀየርበት መጠን)፣ ቲ ጊዜ ናቸው። ቪ 20፣ ዩ 8፣ ኤ 4 ነው፣ «ቲ»ን ፈልጊ ቢሉሽ 20 = 8 + 4×ቲ ብለሽ ትጽፊያለሽ፣ ከዛ 8ን ትቀንሺና 12 = 4×ቲ ይሆናል፣ ለ4 ታካፍዪና ቲ = 3 ትያለሽ። ጥሩ። አሁን ያንኑ ድገሚው፣ ግን አንድ ነገር ብቻ ቀይሪ፣ ምንም ሒሳብ አታስዪ። 20 − 8ን 12 አትበዪው፣ እንዳለ ተዪው። ስለዚ 20 − 8 = 4×ቲ ይሆናል፣ ቀጥሎ (20 − 8)/4 = ቲ ይሆናል። በቃ ቆሚ። አሁን 20 የነበረበት ቦታ ላይ «ቪ»ን፣ 8 የነበረበት ላይ «ዩ»ን፣ 4 የነበረበት ላይ «ኤ»ን መልሺ። ቲ = (ቪ − ዩ)/ኤ። አወጣሽው ማለት ነው። ፊደሉ ስሙ ገና ያልተነገረን ቁጥር ነው፣ 8ን መቀነስ ከቻልሽ «ዩ»ንም መቀነስ ትችያለሽ፣ ልዩነቱ መልሱ ወደ አንዲት ቁጥር ተጨምቆ አለመውጣቱ ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ብዙ ተማሪ ላይ «አልጨረስኩም እኮ» የሚል ስሜት ይፈጥራል። (ቪ − ዩ)/ኤ ያለቀ መልስ ነው። አትጠራጠሪ።

የምትፈሪው ፎርሙላ በመጣ ቁጥር ይሄን አድርጊ፣ ከምትፈለገው ፊደል በስተቀር ሁሉም ላይ ቁጥር ለጥፊ፣ ሳታሰዪ ፍቺው፣ ከዛ ፊደሎቹን መልሺ። ትንሽ ከሠራሽ በኋላ ቁጥሩን መለጠፉ ራሱ ያስጠላሽና በቀጥታ በፊደሉ መሄድ ትጀምሪያለሽ።

አሁን ወደ «ማዶ መሻገር» እንምጣ፣ ምክንያቱም ዜሮውን ያመጣብሽ እሱ ነው። ጓደኛሽ ክፉ አስባ አይደለም፣ በየክፍሉ የሚነገር ነው፣ ግን ያልተሟላ ነገር ነው። በእኩል ምልክት ላይ የሚሻገር ነገር የለም። የሚሆነው ሁለቱም ጎን ላይ አንድ ዓይነት ነገር ማድረግ ነው። ቪ = ዩ + ኤ×ቲ ሲሆን ከግራም ከቀኝም «ዩ»ን እንቀንሳለን፣ ቀኝ ላይ ዩ ሲቀነስ ዩ ዜሮ ሆኖ ይጠፋል፣ ግራ ላይ ቪ − ዩ ይቀራል። ለሚያየው ሰው ዩ ተሻግሮ ምልክቱን የቀየረ ይመስላል። ይመስላል እንጂ አልተሻገረም። ይሄን ምልክት፣ ሁለቱን አግድም መስመሮች፣ መጀመሪያ ያተመው ሮበርት ሪከርድ የሚባል የዌልስ ሰው ነው በ1557 እ.ኤ.አ.፣ ለምን ሁለት ትይዩ መስመር እንደመረጠም ጽፏል፣ ከነሱ የበለጠ እኩል የሆኑ ሁለት ነገሮች ስለሌሉ ነው ብሎ። ግራና ቀኙ አንድ ቁጥር ከሆኑ አንዱ ላይ ያደረግሽውን ሌላውም ላይ ካደረግሽ እኩል እንደሆኑ ይቀጥላሉ፣ ሕጉ ይሄው ነው፣ ሌላ ሕግ የለም።

አሁን ያንቺን መልስ በዚህ ዓይን እይው። ቪ − ዩ = ኤ×ቲ ድረስ ልክ ነሽ፣ ቆንጆ ነው። ከዛ «ቲ»ን ልታሻግሪ ስትይ ምልክቱን ፈለግሽ፣ ግን «ቲ» ፊት ፕላስ የለም! ቲ ከ«ኤ» ጋር የተያያዘው በማባዛት ነው። ማባዛትን የሚፈታው ማካፈል ነው እንጂ መቀነስ አይደለም። ሁለቱንም ጎን ለ«ቲ» ስናካፍል (ቪ − ዩ)/ቲ = ኤ። ቅድም በያዝናቸው ቁጥሮች ብታዪው ያንቺኛው 20 − 8 − 3 = 9 ይላል፣ ትክክለኛው ኤ ግን 4 ነው። የጠፋው አንድ እርምጃ ብቻ ነበር፣ እውነት ለመናገር ዜሮ የሚያሰጥ አልነበረም፣ የመጀመሪያዋ መስመር ነጥብ ይገባታል።

እንደውም ይሄን ስህተት ምንም ሳትሠሪ ልትይዢው ትችይ ነበር። ቪ እና ዩ ሜትር በሰከንድ ናቸው፣ ቲ ሰከንድ ነው። ከሜትር በሰከንድ ላይ ሰከንድ መቀነስ አይቻልም። ፊዚክስ ላይ መልስሽን ስትጨርሺ ዩኒቱን እይ፣ የሚደመሩና የሚቀነሱ ነገሮች ዩኒታቸው አንድ ካልሆነ የሆነ ቦታ ጠፍተሻል ማለት ነው፣ ይሄ ፈተና ላይ ብዙ ሰው የማይጠቀምበት ነፃ ማረጋገጫ ነው።

እሺ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «መጀመሪያ ምኑን ላንሳ?» ነው። ጠዋት ካልሲ አድርገሽ በላዩ ጫማ ታጠልቂያለሽ፣ ማታ መጀመሪያ የሚወልቀው ጫማው ነው። ፎርሙላም እንደዛው፣ መጨረሻ የተደረገው መጀመሪያ ይፈታል። ስለዚ የምትፈልጊያትን ፊደል በቀለም ክበቢና «ይቺን ቁጥር ባውቃት ኖሮ በየተራ ምን ምን አደርጋት ነበር?» ብለሽ ጠይቂ። ሴልሺየስን ወደ ፋራናይት የሚቀይረውን እንውሰድ፣ ኤፍ = 9×ሲ/5 + 32። «ሲ» ላይ የሚደረገው በየተራው፦ በ9 ማባዛት፣ ለ5 ማካፈል፣ 32 መደመር። ወደኋላ ስንመለስ፦ 32 መቀነስ፣ በ5 ማባዛት፣ ለ9 ማካፈል። ሲ = 5×(ኤፍ − 32)/9። ቅንፏን አደራ፣ 5ቱ የሚያባዛው «ኤፍ»ን ብቻ ሳይሆን የተቀነሰውን ሁሉ ነው። በ212 ሞክሪያት፣ 212 − 32 ማለት 180፣ በ5 ሲባዛ 900፣ ለ9 ሲካፈል 100። ውሃ የሚፈላበት፣ ልክ ነው። ቅንፏን ረስተሽ 5×ኤፍ/9 − 32 ብትዪ ግን ወደ 86 ገደማ ይመጣልሻል፣ ውሃ ደግሞ የሚፈላው በ86 አይደለም (በባሕር ጠለል ማለቴ ነው)።

አንዳንዱ «መጀመሪያ ባካፍልስ?» ይላል። ይቻላል፣ ግን ካካፈልሽ 32ቷም ጭምር መካፈል አለባት፣ ጎኑ በሙሉ ነው የሚካፈለው። ሰው የሚሳሳተው እሱ ላይ ስለሆነ ተራውን መጠበቅ ይሻላል ነው የምለው።

ስኩዌርና ሩት ሲመጣ ደግሞ ሕጉ አይቀየርም፣ መፈቻው ብቻ ነው የሚቀየረው፣ ሩትን ስኩዌር ይፈታዋል፣ ስኩዌርን ሩት ይፈታዋል። ፔንዱለም (ተንጠልጥሎ የሚወዛወዝ ነገር) አንዴ ሄዶ ለመመለስ የሚፈጅበትን ጊዜ የሚሰጠው ቲ = 2×ፓይ×√(ኤል/ጂ) ላይ (ኤል ርዝመቱ፣ ጂ የመሬት ስበት የሚያመጣው አክሰለሬሽን ነው) «ኤል»ን አውጪ ቢሉሽ መልኩ ያስፈራል፣ ግን የ«ኤል» መንገድ አጭር ነው፣ ለ«ጂ» ተካፈለ፣ ሩቱ ወጣ፣ በ2ፓይ ተባዛ። ስትመለሺ ለ2ፓይ አካፍዪ፣ ስኩዌር አድርጊ፣ በ«ጂ» አባዢ። ኤል = ጂ×(ቲ/2ፓይ)²። ሄዶ መመለሱ 2 ሰከንድ የሚፈጅ ፔንዱለም ርዝመቱ ስንት ነው ብለሽ ብታስገቢ፣ «ጂ»ን 9.8 አድርገሽ፣ ወደ 0.99 ሜትር ይመጣል፣ አንድ ሜትር ሊሆን ምንም አልቀረውም። ደስ አይልም? የሆነ ጠፍጣፋ ፎርሙላ ገልብጠሽ እቃ መሥሪያ ርዝመት አገኘሽ ማለት እኮ ነው። እዚህ ጋ የሚጠፋው ነገር፣ ስኩዌር ስታደርጊ 2ቷንና ፓይዋን ሁለቱንም ስኩዌር ማድረግ ነው፣ 4×ፓይ² ነው የሚሆነው፣ 2×ፓይ² አይደለም።

ሌላው የሩት ጣጣ፣ ቪ² = ዩ² + 2×ኤ×ኤስ ላይ (ኤስ የተጓዘው ርቀት ነው) «ዩ»ን አውጪ ሲባል ነው። ዩ² = ቪ² − 2×ኤ×ኤስ ድረስ ማንም አይሳሳትም፣ ከዛ ብዙው ተማሪ ዩ = ቪ − √(2×ኤ×ኤስ) ብሎ ይጽፋል፣ ለየብቻ ሩት አውጥቶ። አይሆንም። በ5 እና በ3 እይው፣ √(25 − 9) ማለት √16 ነው፣ 4 ነው፣ 5 − 3 ግን 2 ነው። ሩት ከውስጡ ያለውን ሁሉ አንድ ላይ ነው የሚይዘው። ዩ = ±√(ቪ² − 2×ኤ×ኤስ)፣ ፕላስ ማይነሷ የምትመጣው ፍጥነት ወደኋላም ሊሆን ስለሚችል ነው፣ የትኛው እንደሆነ ጥያቄው ይነግርሻል።

አሁን የምትፈለገው ፊደል ታህት ላይ፣ ማለትም ከማካፈያው ሥር ስትሆን። ፍጥነት = ርቀት/ጊዜ ላይ ጊዜን አውጪ ቢሉሽ መጀመሪያ ሁለቱንም ጎን በጊዜ አባዢና ከሥር አውጫት፣ ፍጥነት×ጊዜ = ርቀት፣ ከዛ ለፍጥነት አካፍዪ። አንዳንድ አስተማሪ ለዚህ ሦስት ማዕዘን ሥሎ የምትፈልጊውን በጣትሽ ሸፍኚ ይላል። ይሠራል፣ ግን ሁለት ነገር ተባዝቶ ሦስተኛውን በሚሰጥበት ፎርሙላ ላይ ብቻ። ቪ = ዩ + ኤ×ቲ ላይ የሚሸፈን ነገር የለም። እኔ ባትጠቀሚበት እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ለቀላሉ ያግዝሽና ከባዱ ጋ ጥሎሽ ይሄዳል።

ከባዱ ደግሞ የሌንሱ ነው፣ 1/ኤፍ = 1/ዩ + 1/ቪ። ዩ የእቃው ርቀት ነው፣ ቪ የምስሉ፣ ኤፍ የሌንሱ ፎካል ሌንግዝ፣ ማለትም ትይዩ ሆነው የገቡ ጨረሮች ከሌንሱ የሚገናኙበት ርቀት። ፈተና ላይ ተማሪ ሁሉንም ይገለብጥና ኤፍ = ዩ + ቪ ይላል። ዩ 30 ቪ 60 ቢሆን 90 ሊልሽ ነው፣ ትክክለኛው ግን 1/30 + 1/60 = 3/60፣ ማለትም 1/20፣ ስለዚ ኤፍ 20 ነው። ጎኑን በሙሉ እንደ አንድ ፍራክሽን ካልሆነ በስተቀር መገልበጥ አይቻልም። «ቪ»ን ስታወጪ መጀመሪያ ለብቻዋ አቁሚያት፣ 1/ቪ = 1/ኤፍ − 1/ዩ፣ ቀኙን የጋራ ታህት ሰጥተሽ አንድ አድርጊው፣ (ዩ − ኤፍ)/(ዩ×ኤፍ)፣ አሁን አንድ ለአንድ ስለሆነ መገልበጥ ትችያለሽ፣ ቪ = ዩ×ኤፍ/(ዩ − ኤፍ)። 30ንና 20ን አስገቢ፣ 600/10፣ 60 መጣ። ግን እዚህ ጋ ትንሽ ቆይልኝ፣ ከሥር ያለችውን ዩ − ኤፍ እያት። እቃው ልክ ፎካል ሌንግዙ ላይ ቢቀመጥ ዜሮ ትሆናለች፣ በዜሮ ደግሞ አይካፈልም። ያ ስህተት አይደለም፣ ፎርሙላው ራሱ እያወራሽ ነው፣ እዛ ቦታ ላይ ከሌንሱ የሚወጡት ጨረሮች ትይዩ ሆነው ይሄዳሉ፣ የትም አይገናኙም፣ ምስል አይሠሩም። መጀመሪያ በተሰጠሽ መልክ ይሄ ነገር አይታይም ነበር፣ አዟዙረሽው ነው የታየው። ፎርሙላ ማዟዟር ፈተና ማለፊያ ብቻ አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

አንድ የቀረ አለ፣ የምትፈለገው ፊደል ሁለት ቦታ ስትሆን። የቀላል ወለድ ፎርሙላ፣ ኤ = ፒ + ፒ×አር×ቲ (ፒ ዋናው ገንዘብ፣ አር የዓመት ወለድ መጠን፣ ቲ ዓመቱ፣ ኤ ከነወለዱ ጠቅላላው)፣ «ፒ»ን አውጪ ይላሉ። ፒ = ኤ − ፒ×አር×ቲ ብለሽ ብታቆሚ የጻፍሽው ውሸት አይደለም፣ ግን «ፒ» አሁንም በሁለቱም ጎን አለች፣ «ፒ»ን ለማወቅ «ፒ»ን ማወቅ ሊኖርብሽ ነው። እዚህ መፍታት ሳይሆን መሰብሰብ ነው የሚያስፈልገው፣ ፒ ያለባቸውን ሁሉ አንድ ጎን አድርገሽ ፋክተር አውጪ፣ ኤ = ፒ×(1 + አር×ቲ)፣ አሁን አንዴ ብቻ ሆነች፣ አካፍዪ፣ ፒ = ኤ/(1 + አር×ቲ)። ያቺን 1 እንዳትጥያት፣ ፒ ብቻዋን ስትቆም አንድ ፒ ናት። ኤ 1300፣ አር 0.1፣ ቲ 3 ብትዪ 1300/1.3፣ 1000 ይሰጥሻል። ዋይ = (ኤክስ + 1)/(ኤክስ − 2) ዓይነት ከላይም ከታችም ኤክስ ያለበት ሲመጣም ያው ነው፣ በታህቱ አባዢ፣ ቅንፉን ፍቺ፣ ኤክሶቹን ሰብስቢ፣ ፋክተር አውጪ፣ ኤክስ = (2×ዋይ + 1)/(ዋይ − 1) ይወጣል፣ እራስሽ ሞክረሽ ድረሽበት።

ፊደሏ አንዴ ቲ አንዴ ቲ² ሆና ከመጣች ግን፣ እንደ ኤስ = ዩ×ቲ + ½×ኤ×ቲ²፣ በዚህ መንገድ አትድከሚ፣ እሷ የኳድራቲክ ፎርሙላ ሥራ ናት። እቃው ከቆመበት ከተነሳ፣ ዩ ዜሮ ከሆነ ብቻ በቀላሉ ቲ = √(2×ኤስ/ኤ) ትሆናለች።

ልሸምድድ ወይ ላልሽው፣ አትሸምድጂ። ለእያንዳንዱ ፎርሙላ አንዱን መልክ ብቻ ያዢ፣ ሌላውን ታወጫለሽ። አራት መልክ የሸመደደ ሰው ፈተና ላይ የቱ የቱ እንደሆነ ይምታታበታል፣ አውጥቶ የለመደ ግን ቢረሳ መልሶ ይሠራዋል። ፊደል ለምን አስፈለገ ብለሽ ከተናደድሽም አልፈርድብሽም፣ የታወቀውንም ያልታወቀውንም ቁጥር በፊደል የመጻፍ ዘዴን በሥርዓት ያስገባው ፍራንስዋ ቪዬት የሚባል ፈረንሳዊ ነው፣ በ1591፣ ከዛ በፊት ሰዎች መፍትሔን የሚያሳዩት በአብዛኛው በቁጥር ምሳሌ ነበር፣ ቁጥሩ ሲቀየር እንደገና ከመጀመሪያ። አንቺም አንዴ በፊደል ካወጣሽ አሥር ጥያቄ ቢመጣ ቁጥር ማስገባት ብቻ ነው የሚቀርሽ። አንድ መልስ ብቻ ተፈልጎ ቁጥሮቹም ቀላል ከሆኑ ግን ቁጥሩን ቀድመሽ ብታስገቢ ማንም አይቀጣሽም።

ደብተርሽ ላይ አንድ መስመር ላይ አንድ እርምጃ ብቻ ጻፊ፣ ጎኑ ላይም «ሁለቱም −ዩ»፣ «ሁለቱም ÷ቲ» እያልሽ ማስታወሻ ጻፊ። ሲያልቅ በትንንሽ ቁጥር ፈትሺ፣ ግን 0፣ 1 እና 2ን አትጠቀሚ፣ 2 + 2 እና 2×2 አንድ ስለሆኑ፣ በ1 ማባዛትም ምንም ስለማይቀይር ስህተቱ ይደበቅብሻል። 3፣ 5፣ 7 ይሻላሉ።

ለዚህ ሳምንት የምሰጥሽ ይቺን ነው፣ ሁለት ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገታ እቃ) ጎን ለጎን ሲገጠሙ 1/አር = 1/አር1 + 1/አር2 ነው፣ አር1 እና አር2 የየራሳቸው መጠን፣ አር የሁለቱ ድምር ውጤት። «አር1»ን ለብቻው አውጪ። አር 6፣ አር2 15 ስታደርጊ 10 ከመጣልሽ ልክ ነሽ። ሌላ ነገር ከመጣ አትሰርዢው፣ እንዳለ ከነመስመሮቹ ላኪልኝ፣ የቱ መስመር ላይ እንደሆነ አብረን እናየዋለን።